ፈረስ አልጋልብም ያልኩ ቀን

ይህን የምጽፈው ቁጭ ብዬ አይደለም። ከሃያ ደቂቃ በላይ መቀመጥ አልችልም። ወረቀቱን የወጥ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ዘርግቼ፣ ቆሜ ነው የምጽፈው። ሲደክመኝ ሶፋው ላይ በጎኔ ጋደም እላለሁ፣ ከዚያ እንደገና እነሳለሁ። ስለዚህ ነገሬ እዚህም እዚያም ቢቆራረጥ ይቅር በሉኝ። መጻፍ ደግሞ ሥራዬ አይደለም። የኔ ሥራ ማንሳት ነበር።

ከድር እባላለሁ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ ከባለቤቴ ከሰዓዳና ከአንድ ልጃችን ከሐናን ጋር እኖራለሁ። ነገሩ ሲደርስብኝ ሐናን አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷት መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ወሯ ነበር። እኔ ኮሜርስ ሲቲ አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ለአሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራው ቀላል ነው፤ ለማስረዳት ማለቴ ነው። ካርቶኑን ከእንጨት መደቡ፣ ከፓሌቱ ላይ ታነሳለህ፣ ዞር ትላለህ፣ እየተሽከረከረ ዕቃ የሚወስደው ቤልት ላይ ታስቀምጣለህ። ጎንበስ፣ ብድግ፣ ዞር። ጎንበስ፣ ብድግ፣ ዞር። ምሳ። እንደገና ጎንበስ። አሠልጣኙ መጀመሪያ ቀን «ወገብህን አታዙር፣ እግርህን አዙር፤ በጉልበትህ ተነሳ» ብሎ አሳይቶን ነበር። ሳቅኩበት። እንደሱ እያልኩ ብሠራ እስከ ማታ ግማሹን አልጨርስም።

ጉልበቴን እወደው ነበር፣ አልደብቃችሁም። ቅዳሜና እሑድ ቤት የሚቀይር አበሻ ሁሉ የሚደውለው ለኔ ነው። ስሜም ወጥቶልኛል፤ «ክሬኑ»። «ክሬኑ ካልመጣ ሶፋው አይነሳም!» ይሉኛል፣ እኔም እንደ ልጅ ደስ ይለኝና ሸሚዜን እሰበስባለሁ።

ወገቤን ያመኝ የነበረው ግን ከአደጋው በፊት ጀምሮ ነው። ጠዋት ጠዋት ካልሲ ለማድረግ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ «ያ ረቢ» እል ነበር። አንዳንዴ ከግራ መቀመጫዬ ተነስቶ እስከ ተረከዜ የሚወርድ እሳት ነገር ነበረው። ለሰው ስናገር መልሱ አንድ ነው። ኩላሊት! እኛ ዘንድ ከጎድን አጥንት በታች ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ ኩላሊት ነው። ዶክተር መሆን አያስፈልግም፣ አበሻ መሆን ይበቃል። «ኩላሊትህ ነው፣ ውሃ ጠጣ።» እጠጣለሁ፣ ይተወኛል፣ ያገረሽብኛል፣ ደግሜ እጠጣለሁ። እንዲህ እያልኩ አራት ዓመት ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ኤልያስ ሴንቴኒያል የምትባል ጎረቤት ከተማ ቤት ገዝቶ ሊገባ ነው። ኤልያስ ያው መጋዘን ውስጥ ፊት ለፊቴ ቆሞ የሚሠራ ወዳጄ ነው። እሱ ፕሮቴስታንት፣ እኔ ሙስሊም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ስንቀላለድ ኖረናል። ከሁለተኛ ፎቅ አፓርታማው ዕቃውን ስናወርድ ቆይተን የቀረችው የልብስ ማጠቢያዋ ብቻ ነበረች።

«ዶሊው ላይ እናስራት» አለኝ። ባለ ጎማ መግፊያዋን ማለቱ ነው፤ ከትራኩ ጋር ተከራይቷት ደጅ ላይ ቆማለች።

«ዶሊ ለሽማግሌ ነው። ያዝ ከታች።»

«ከድር፣ ተው። ደረጃው መታጠፊያ አለው።»

«አንተ ጸልይ፣ እኔ አነሳለሁ።»

እየሳቀ ከታች ያዘ። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ የማሽኗ ጥግ ግድግዳውን ነካ። ክብደቱን ደረቴ ላይ አድርጌ ወገቤን ወደ ግራ አዞርኩ። ያኔ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወላሂ፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

«ምንድን ነው፣ ማሽኗ ተሰበረች?» አለ ኤልያስ ከታች።

«አይ» አልኩት። «እኔ ነኝ።»

ማሽኗን እንዴት እንዳስቀመጥናት አላስታውስም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር። ያ የማውቀው እሳት ወረደ፤ ግን እንደ ወትሮው በግራ እግሬ ብቻ አይደለም፣ በሁለቱም። በሁለቱም እግሮቼ ኤሌክትሪክ የለቀቁብኝ ያህል ተንቀጠቀጥኩ። ኤልያስ ተጨንቆ ትከሻዬን ይዞ «ኩላሊትህን ነክቶት ይሆናል» አለኝ። ቤቴ አድርሶኝ ምንጣፍ ላይ አስተኛኝና ሰዓዳን «ውሃ እንዳታቋርጪበት» ብሏት ሄደ። ሰዓዳም እሺ ብላ ትልልቁን ጠርሙስ እየሞላች አመጣችልኝ። እስክተኛ ድረስ ሦስት ጠርሙስ ጨረስኩ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ለሱብሂ ሶላት ተነሳሁ። ግድግዳ እየያዝኩ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ሽንቴ ወጥሮኛል፣ ግን አልመጣም። ቆምኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ቧንቧ ከፈትኩ። ጥቂት ጠብታ ብቻ። ከዚያ እንደ ልማዴ በውሃ ልታጠብ እጄን ሰደድኩ። እዚህ ላይ የማፍረውን ነገር ልናገር ነውና ታገሱኝ። እጄ ሥጋዬን አወቀው፣ ሥጋዬ ግን እጄን አላወቀውም። ውሃው ይቀዝቅዝ ይሙቅ አይሰማኝም። የሌላ ሰው ገላ የማጥብ መሰለኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ደግሞ የግራ እግሬ ነጠላ ጫማ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ መውለቁን አላወቅኩም።

ደነገጥኩ። በእውነት ደነገጥኩ። ግን «ተኝቼበት ደንዝዞ ነው» አልኩና ነገሩን ለራሴ ዘጋሁት። እጅ እግሬን ታጥቤ ውዱዬን አድርጌ ሰገድኩ። ሱጁድ ወርጄ መነሳት አቃተኝ። ግንባሬ መሬት ላይ እንዳለ ሰዓዳ ሰምታ መጣችና በብብቴ ገብታ አነሳችኝ።

«ከድሬ፣ ምን ሆነሃል? ንገረኝ እንጂ!»

«ወገቤ ነው።»

«ወገብህ ብቻ ነው?»

«ወገቤ ነው አልኩሽ እኮ!»

ሃያ ዓመት አብራኝ የኖረች ሚስቴ ናት። ለሷ ያልነገርኩትን ለማን ልነግር ነበር? እንጃ። እሷ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ተረኛ ስለነበረች «ሐናን ትውሰድህ፣ ሐኪም ሳያይህ እንዳትውል» ብላኝ ወጣች። እኔ ግን እስከ ቀትር አንገራገርኩ። ቀትር ላይ መቆም ሲያቅተኝ ልጄ ደግፋ መኪና ውስጥ አስገባችኝ።

ሐኪም ቤቱን ስሙን አልጠራም፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ድንገተኛ ክፍል ብዙም ሳንጠብቅ ገባን። ወጣት ዶክተር፣ ጺሙን ያሳደገ፣ ትሑት። ነርሷ አስተርጓሚ በስልክ አገናኘችን። ሐናን አልጋው ጎን ቆማ «ባባ፣ እኔ እኮ እችላለሁ፣ አይ ካን ዱ ኢት» አለችኝ። ትችላለች። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የቤታችን አስተርጓሚ እሷ ናት፤ የኪራዩን ደብዳቤ፣ የመድኃኒቱን መመሪያ፣ የትምህርት ቤቷን ወቀሳ ሳይቀር ተርጉማልኛለች። የዛሬው ግን ሌላ ነው። ስለ ሽንት ሊጠይቁኝ ነው፣ ከሽንት ቀጥሎ ምን እንደሚመጣም አውቃለሁ።

«ውጪ ጠብቂኝ።»

«ለምን? ባባ፣ ኋይ?»

«ውጪ አልኩሽ!»

ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ወጣች። ይቺን ቅጽበት ስንት ጊዜ እንደማስባት አትጠይቁኝ።

ከስልኩ የመጣው ድምፅ የሴት ነው፤ ወጣት፣ ለዛ ያለው የአዲስ አበባ አነጋገር። «ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ፣ አስተርጓሚዎ ነኝ። የሚነገረው ሁሉ በምስጢር የሚያዝ ነው» አለች። እኔ ግን ወዲያው ማን ትሆን ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። የማን እህት፣ የማን ሚስት? ሠርግ ቤት ብንገናኝስ?

«ምንዎን ነው የሚያምዎት ይላሉ ዶክተሩ።»

«ኩላሊቴን።»

እንዳልኩት ተረጎመች። ዶክተሩ ጎንና ጎኔን መታ መታ አደረገ፣ ኩባያ ሰጠኝ። ሽንት ቤት ገብቼ አምጬ ጠብታ ይዤ ተመለስኩ። «ይህ ብቻ?» ሲሉኝ «ውሃ ስላልጠጣሁ ነው» አልኩ። ሦስት ጠርሙስ ሆዴ ውስጥ ቁጭ ብሎ! ዶክተሩ ኩላሊት እንዳልሆነ ወዲያው ገብቶታል። እግሬን ቀና አደረገ፣ ጉልበቴን በመዶሻ ነካ፣ ግንባሩን ቋጠረ። ከዚያ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ጌታዬ፣ በኮርቻ አካባቢ ድንዛዜ አለዎት ወይ ይላሉ።»

«በምን አካባቢ?»

«በኮርቻ... በኮርቻ አካባቢ።»

«የምን ኮርቻ?»

«እሳቸው ያሉትን ነው የተረጎምኩት፣ ጌታዬ።»

ወይ ጉድ አልኩ በሆዴ። ወገቤ ተቀንጥሶ ይሄ ስለ ፈረስ ያወራል። ኮሎራዶ ነው፣ ካውቦዩ ብዙ ነው፤ ሁሉን ሰው ይጠይቁ ይሆናል አልኩ።

«እኔ ፈረስ አልጋልብም በይልኝ።»

ልጅቷ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ እየሳቀች ተረጎመች። ዶክተሩም ሳቀ። እኔም ወገቤን ይዤ ሳቅኩ። ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ ጻፈ። ምን ብሎ እንደጻፈ አሁን አውቃለሁ። የለም ብሎ ነው የጻፈው።

ዶክተሩ ግን አልተወኝም፣ ሐቁን ልናገር። «ለማንኛውም ከኋላ በኩል በጣት ልመርምርዎት፣ ነርቭዎ መሥራቱን ለማረጋገጥ ነው ይላሉ» አለች ልጅቷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አስተግፊሩላህ! በፍጹም!»

«ካልፈለጉ መብትዎ ነው ይላሉ። ግን ቢደረግ ይመረጣል...»

«አልፈልግም በያቸው።»

የማስታገሻ መርፌ ወጉኝ፣ ክኒን ሰጡኝ፣ ሦስት ገጽ ወረቀት በእንግሊዝኛ አስጨበጡኝ። «ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው አንዱ እንኳ ከታየብዎ በዚያው ሰዓት ይመለሱ» አለችኝ አስተርጓሚዋ። እሺ ብዬ አጣጥፌ የመኪናዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

በመንገድ ላይ ሐናን «ምን ጠየቁህ?» አለችኝ።

«ፈረስ ትጋልባለህ ወይ አሉኝ።»

«ዋት? ሶ ዊርድ!» ብላ እስክታነባ ሳቀች። ኮርቻ የሚለውን ቃል ነግሬያት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ትጠይቀኝ ነበር። ምናልባት። እኔ ግን ቀልዱ እንዲያምር አሳጥሬ ነገርኳት።

ሰኞ ሕመሙ ቀነሰ። አስቡት፣ ደስ አለኝ! የመርፌው ነው፣ እየተሻለኝ ነው አልኩ። ሕመሙ የቀነሰው ነርቬ እየሞተ ስለሆነ መሆኑን ማን ይንገረኝ። ሰዓዳ ሥራ፣ ሐናን ትምህርት ቤት ሄደዋል። ረፋዱ ላይ ስገላበጥ አንሶላው ርሷል። እንደ ሕፃን። መቼ እንደወጣኝ አላውቅም። ሆዴ ከእምብርቴ በታች ከበሮ ሆኖ ተነፍቷል፤ ሽንቱ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው እንጂ ሸናሁ ማለት አይደለም። በእንብርክኬ እየዳህኩ አንሶላውን ገፍፌ ከልብስ ማጠቢያው ውስጥ ደበቅኩት። ግራ እግሬ ከኋላዬ ይጎተታል። ያንን ሁሉ እያየሁ ስልክ አላነሳሁም። ለምን እንዳላነሳሁ ብትጠይቁኝ ያለኝ መልስ ማፈሬ ብቻ ነው።

ሐናን ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣች። ቻርጀሯን ፍለጋ ወደ መኪናው ወርዳ ቆየች። ስትመለስ በሩን በርግዳ ነው የገባችው፤ የሐኪም ቤቱ ወረቀት በእጇ ነው።

«ባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዶንት ጌት ማድ።»

«ምንድን ነው?»

«መቀመጫህ... ነምብ ነው? ደንዝዟል?»

«አንቺ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ለአባትሽ?»

«ጀስት አንሰር ሚ፣ ፕሊስ! ስትታጠብ እጅህ ይሰማሃል?»

ጣሪያውን አየሁ። ዓይኔን ወደሷ ማዞር አቃተኝ።

«አይሰማኝም።»

«ሽንትህስ?»

«አይመጣም። ዝም ብሎ ያመልጠኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት ሱብሂ።»

«ከሆስፒታሉ በፊት?» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «ባባ፣ ቢፎር?»

«በፊት።»

ምንጣፉ ላይ ዘጭ አለች። ከዚያ ተነስታ የሶፋው መደገፊያ ላይ እግሯን ከፍታ፣ ፈረስ ላይ እንደወጣ ሰው ተቀመጠች። በእጇ ከስር ሶፋውን የሚነካውን የገላዋን ክፍል እያመለከተች፣ እያለቀሰች፣ «ወረቀቱ ላይ ያለው ሳድል ማለት ይሄ ነው። ፈረስ ላይ ብትቀመጥ ኮርቻውን የሚነካው ቦታ። መቀመጫህ፣ እግሮችህ መሃል። ፈረስ አይደለም ባባ፣ አንተን ነው የጠየቁህ!» አለችኝ።

እሷ ስልኩን አንስታ አምቡላንስ ጠራች።

ትልቁ ሆስፒታል ገብተን ኤምአርአይ ተነሳሁ። ቱቦ ሲያስገቡልኝ ከአንድ ሊትር በላይ ሽንት ወጣ፤ ነርሷ መያዣውን ቀየረች። ቱቦው ሲገባም አልተሰማኝም። ያ ነው ያስለቀሰኝ፣ ባይሰማኝ።

ቀዶ ሕክምና የምታደርግልኝ ዶክተር ጸጉሯ የሸበተ ሴት ናት። የፕላስቲክ የጀርባ አጥንት ይዛ መጣችና አልጋዬ ላይ አስቀመጠችው። ያን ጊዜ የተረጎመችልኝ ሐናን ናት፤ ውጪ ጠብቂ ያላት የለም። ዶክተሯ የታችኛውን ክፍል ይዛ አሳየችን። አምስት ወፋፍራም አጥንቶች፣ የሰውን ሙሉ ክብደት የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። በየመሃላቸው ትራስ የመሰለ ነገር አለ፤ ዲስክ ይሉታል፣ ውጪው ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ። አብዛኛው ሰው ወገቤን አመመኝ ሲል ጡንቻው ተስቦ ነው፣ ይድናል አለች። አንዳንዱ በዕድሜ ብዛት የነርቩ ቦይ ይጠብበታል፣ ሲራመድ እግሩ ይዝላል፣ ጎንበስ ሲል ይቀለዋል። አንዳንዱ አንዱ አጥንት በሌላው ላይ ወደፊት ይንሸራተትበታል። ሌላው ዲስኩ ሾልኮ አንድ ነርቭ ይነካበታል፣ እስከ እግሩ ድረስ ያቃጥለዋል። እሱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ በእንቅስቃሴና በጊዜ ይተዋል።

«የኔስ?» አልኩ።

አራተኛውና አምስተኛው አጥንት መሃል ጣቷን ሰደደች። ዲስኩ ለዓመታት ሲላላ ኖሮ ቅዳሜ ለታ ፈንድቷል። ሾልኮ የወጣው ከዚያ በታች ያሉትን ነርቮች በሙሉ አንድ ላይ ጨፍልቋቸዋል፤ ሽንት፣ ሰገራ፣ እግር፣ ወንድነት፣ የሚያዙትን ሁሉ። ምን ሥራ እንደምሠራ ጠየቀችኝ። በእጄ አሳየኋት፤ ጎንበስ፣ ብድግ፣ ዞር። ራሷን ነቀነቀች። መሸከም ብቻውን አይደለም፣ ጎንበስ ብሎ ተሸክሞ መጠምዘዝ ነው አለች፤ ዕድሜም፣ ከዘር የሚወረስም፣ ሲጋራም ይጨምርበታል። ሲጋራ አላጨስኩም። ሌላውን ሁሉ አድርጌያለሁ።

ኤልያስ ደርሶ ነበር። «ኩላሊት ነው ያልኩት እኔ ነኝ» እያለ እንደ ሴት ልጅ፣ አይ፣ እንደ ሰው አለቀሰ። ሰዓዳ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እግሬን ይዛ ትጨምቃለች። የያዘችው ይታየኛል እንጂ አይሰማኝም።

በዚያው ምሽት ቀደዱኝ። በሦስተኛው ቀን ዶክተሯን በሐናን በኩል ጠየቅኋት። «እሑድ ብናገር ኖሮ?»

ሐናን ተረጎመችው። «ማንም እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይችልም» አለች ዶክተሯ። «ግን በዚህ በሽታ ሰዓት ዋጋ አለው።» ልጄ ይህንን በአማርኛ ስትነግረኝ መሬት መሬት ታይ ነበር።

ይኸው አንድ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ምን ተመለሰ ብትሉኝ፣ ቀኝ እግሬ ተመልሷል። የግራው ግን ጫፉ ወደ ታች ወርዶ ስለቀረ የፕላስቲክ መደገፊያ ለብሼ፣ በከዘራ እሄዳለሁ። ሽንቴን በቀን አምስት ጊዜ ሰዓት አይቼ ራሴ ቱቦ አስገብቼ አወጣለሁ፤ እስከዚያም ያመልጠኛል፣ ዳይፐር አደርጋለሁ። በእኔና በሰዓዳ መካከል የነበረው ነገር አብቅቷል። እሷ «ሕይወትህ ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። የምሰግደው ወንበር ላይ ነው። ሼኹን ጠይቄ ለየሶላቱ ውዱዬን እንዳድስና እንዳልጨነቅ ነግረውኛል። አልጨነቅም ብዬ ግን አልዋሽም። አላህ ፊት ንጹሕ ሆኜ መቆሜን የማውቀው በዓይኔ አይቼ እንጂ ተሰምቶኝ አይደለም።

ባለፈው አንድ የማላውቀው ሰው ደወለልኝ። «ክሬኑ ነህ? ቅዳሜ ዕቃ ልናነሳ ነበር» አለኝ። ተሳስተሃል ብዬ ዘጋሁት።

እናንተ ይህንን የምታነቡ፣ በተለይ እንደኔ በጉልበታችሁ የምታድሩ፣ ወገባችሁን ሲያማችሁ ኩላሊት አትበሉ። ወገቤን በሉ። ብዙው ይድናል፣ አትሸበሩ። ግን ሁለቱም እግራችሁ ከዛለ፣ ሽንታችሁ እምቢ ካለ ወይም ካመለጣችሁ፣ እግራችሁ መሃል ከደነዘዘ፣ ነገ አትበሉ። በዚያው ሰዓት ሂዱ። ስትሄዱም ተናገሩ። በሴት ፊት ተናገሩ፣ በልጃችሁ ፊት ተናገሩ። ያልገባችሁን ቃል ደግሞ ሳይገባችሁ አትሳቁበት። ይህን በመጻፌ ቀለለኝ ብዬ አላታልላችሁም፤ አልቀለለኝም።

ሐናን አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃኛለች። መኪና እየነዳች፣ ፊቷን ወደ መንገዱ እንዳደረገች፣ «ባባ፣ ያን ቀን ለምን አስወጣኸኝ?» አለችኝ። ራዲዮውን ከፈትኩ። እሷም አልደገመችውም።

ባለፈው ወር ለክትትል ሄድን። አሁን ውጪ ጠብቂኝ አልላትም። ዶክተሩ አዲስ ስለሆነ አስተርጓሚ በስልክ አገናኘን። ገና «ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ» ስትል አወቅኋት። ያ ለዛ፣ ያቺ ልጅ። እሷ አላወቀችኝም፤ በቀን ስንቱን ታስተናግዳለች። ዶክተሩ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ። እሷም ሳታመነታ፣ «መቀመጫዎና እግሮችዎ መሃል ያለው ቦታ፣ ሲነኩት ይደነዝዝዎታል ወይ ይላሉ» አለች።

አማርኛው ቁልጭ ያለ ነው። ሕፃን እንኳ ይገባዋል።

«አዎ» አልኩ። «ደንዝዟል።»

ዶክተሩ ጻፈና ሌላ መሣሪያ ሊያመጣ ወጣ። ስልኩ እንደተከፈተ ነው። «በእንግሊዝኛው ኮርቻ አይደል የሚሉት?» አልኳት።

«ውይ አዎ! እንዴት አወቁ?» አለች እየሳቀች። «እኔ ድሮ ቃሉን እንዳለ ነበር የምተረጉመው። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ ፈረስ አልጋልብም ብለውኝ፣ ዶክተሩም እኔም በሳቅ ልንሞት! ከዚያ ወዲህ ነው በግልጽ መናገር የጀመርኩት።»

ሐናን ከጥግ ቀና ብላ አየችኝ። እናገራለሁ ብላ እየጠበቀች ነው።

«ሰውዬው ደህና ሆነ?» አልኳት ልጅቷን።

«እንጃ ጌታዬ፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ምን እንደሚሆኑ ለእኛ አይነገረንም። መቼም ደህና ይሆናሉ። በጣም ቀልደኛ ሰው ነበሩ።»

«አሚን» አልኳት።